ድንኳኑ የት ይተከላል?

የእድራችንን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት ዳኛው ቤት ድረስ መጥተው መዝገቡን እጄ ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ አንተ ጻፍ» ብቻ ነው ያሉኝ። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ ትልቅ ደብተር ነው። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የወር መዋጮ። አራት ዓምድ ብቻ። ስለ ከተማችን ግን ከዚህ ደብተር የበለጠ ያስተማረኝ ነገር የለም።

እድራችን 200 የሚጠጋ ቤተሰብ አለው። ሳስበው እንደ አንድ ትንሽ ከተማ ነው። ሕግ አለው፣ ግምጃ ቤት አለው፣ መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው። ቅጣትም አለው፤ ቀብር የቀረ ሰው ይከፍላል። አዲስ አበባ በጣም ትልቅ ሆናብኝ የደሃው ነገር ከአቅሜ በላይ ሲመስለኝ ወደዚህች ትንሽ ከተማ እመለሳለሁ። እዚህ ችግሩ ስም አለው፣ ስልክ ቁጥርም አለው።

ሰፈራችን ካዛንቺስ ነው። ስሙ ራሱ የቤት ነገር ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። ጣሊያን ሄደ፤ ስሙን ለአፋችን እንደተመቸን አድርገን ያዝነው። ለደመወዝተኛ የተሠራው ሰፈር ከጊዜ በኋላ ደመወዝ ያለውም የሌለውም ጎን ለጎን የሚኖርበት ሆነ። ከፊት ሆቴል፣ ከሆቴሉ ጀርባ የጭቃ ቤት፣ ከጭቃ ቤቱ ጀርባ የጋራ ማብሰያ። ጠዋት ከነዚያ ግቢዎች የሚወጣው ሰው የሆቴሉን አልጋ ያነጥፋል፣ የቢሮውን በር ይጠብቃል፣ ለሠራተኛው ቡና ያፈላል፣ መኪና ያጥባል። ማታ በእግሩ ይመለሳል። ይህን «በእግሩ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

ከነዚህ ሰዎች አንዷ ቢሯችን አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። አንድ የሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ ሸራዋን እየደበደበ፣ ሲኒውን እያቀበለችኝ «ጋሼ፣ እኔንም እድር አስገቡኝ» አለችኝ። ከወሎ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቡና ከምታፈላበት ማዕዘን አጠገብ ያለው የልብስ ስፌት ሠራተኛ በዚያ ሳምንት ሞቶ፣ አስከሬኑን አገሩ የሚወስድለት ሰው ጠፍቶ ሲለመንለት አይታለች። «እኔ እንዲህ እንዳልሆን ነው» አለች።

«የቤት ቁጥርሽ ስንት ነው?» አልኳት። ደብተሩ የሚጠይቀውን ነው የጠየቅኩት።

«ቁጥር የለኝም። ደባል ነኝ።»

ደባል ማለት ለማያውቀው ልንገር። የቀበሌ ቤት ውል ላይ ስሙ ያለው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ጡረተኛ ይሆናል፣ ባልዋ የሞተባት ሴት ትሆናለች፣ ልጆቿ ዓረብ አገር የሄዱባት እናት ትሆናለች። ከቤቷ ጥግ ቆርሳ ለሌላ ሰው ታከራያለች። ጥግ ከሌላት ቆጥ ትሠራለች። ቆጥ ከጣሪያው ሥር በጣውላ የተሠራ መኝታ ነው። ቡና የምታፈላው ሴት ከልጅዋ ጋር የምትተኛው እንዲህ ያለ ቆጥ ላይ ነበር። ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይቻልም። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ጆሮ ላይ ይጮኻል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ያቃጥላል። ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በደረቷ ተኝታ ነበር።

ስለ ቀበሌ ቤት ክፉውን ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ያደግኩት እዚያው ነው። ሽንት ቤቱን ለአራት ቤተሰብ ነበር የምንጋራው። ግድግዳው ሲፈርስ ለማደስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ግን እውነቱን እንናገር። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌዎች ተሰጡ። እናቴ በወር 8 ብር ትከፍል ነበር። ያ ቤት አሮጌ ነበር፤ ግን የልብስ አጣቢዋን ልጅ ካዛንቺስ መሀል አኑሮ አስተማረ። ማንም «የቤት አልባዎች መጠለያ» ብሎ አላቀደውም። ሆኖም መጠጊያ ያጣ ሰው ከተማው መሀል ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ያገኘው በነዚህ ቤቶች ጓዳና ቆጥ ነው። አንድ የቀበሌ ቤት ፈረሰ ሲባል ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ውሉ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው፣ ውስጡ የሚተኛው ግን ስንት ነበር?

ወደ እድሩ ልመለስ። ጥያቄዋን ለወሩ ስብሰባ አቀረብኩ። ደንባችን አባል የሚሆነው በሰፈሩ ቤት ያለው ነው ይላል። ክርክር ተነሳ። አንዱ «ዛሬ ገብታ ነገ ብትጠፋስ?» አለ። ሌላው ደግሞ «ሁሉም ይቅር፣ ድንኳኑ የት ይተከላል?» ብሎ ጠየቀ። በክፋት አልነበረም። እድር ማለት ድንኳን ነው። ለቀስተኛ ሦስት ቀን የሚቀመጥበት ደጅ ያስፈልጋል። ወንበሩ የሚወርድበት፣ ንፍሮው የሚቀርብበት ቦታ ያስፈልጋል። ቆጥ ደጅ የለውም።

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እማማ ነበሩ፤ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። «እኔ ደጅ ይተከላላ» አሉ። «እኔም ስሞት የሚተከለው እዚያው ነው። ቦታው አይጠባት።»

በዚያው አለቀ። የቡናዋን ሴት ስም ጻፍኩ፤ የቤት ቁጥር በሚለው ሥር የእማማን ቁጥር አስገባሁ። የእማማ ደጅ ከተከፈተ ወዲያ ሌሎችም መጡ። አንዱ ዘበኛውን አስመዘገበ፣ ሌላዋ ልብስ የምታጥብላትን ልጅ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሰው የቤት ቁጥር የተመዘገቡ 11 ሰዎች ነበሩን።

ያን ሰሞን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። ሴትዮዋ ለሞቷ አድራሻ አግኝታለች። ለኑሮዋ ግን የላትም። ብትሞት 200 ቤተሰብ ይወጣላታል። ብትታመም ግን መዝገብ ላይ የለችም።

መዝገብ ላይ አለመኖር ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ ጋር ስዞር ነው ያየሁት። የጤና መድን ልታወጣ ሄደች፤ መታወቂያ አምጪ ተባለች። ከሸማቾች ዘይት ልትገዛ ተሰለፈች፤ መታወቂያ። ለመታወቂያው ሄድን፤ የቤት ቁጥርና ከትውልድ ቦታዋ መሸኛ ተጠየቅን። ወሎ ድረስ ሄዳ፣ ለትራንስፖርት ተበድራ፣ መሸኛውን አመጣች። የቤት ቁጥሩ ቀረ። ቆጡን ያከራየቻት ሴት «አስመዘግብሻለሁ» ብላ ተስማማችና ማታውን ሐሳቧን ቀየረች። ደባል ማስገባቷ ከታወቀ ቤቱን እነጠቃለሁ ብላ ፈርታ ነው። አልፈረድኩባትም። እኔ ራሴ አንድ ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ አብሬያት ሄጃለሁ። መስኮቱ ጀርባ ያለው ልጅ ክፉ አልነበረም። «ጋሼ፣ እኔ ባምናትም ሲስተሙ የቤት ቁጥር ካልገባበት አያልፍም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሲስተሙን የሠራው ሰው ቤት የሌለው ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም።

በእግሯ ሄዳ ያለ ጥያቄ ያገኘችው አንድ ነገር ቢኖር የልጅዋን የትምህርት ቤት ምገባ ነው። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ከጀመሩ ወዲህ ልጅቷ በቀን ሁለቴ ትበላለች። እዚያ የሚጠየቀው ተማሪ መሆን ብቻ ነው። ድሃ መሆንን ማረጋገጥ የለም፣ ለብቻ መሰለፍ የለም። የሀብታሙም የደሃውም ልጅ ከአንድ ድስት ይበላል። እናትየዋ ቡና እያፈላች «ጠዋት ባዶ እጄን ስሸኛት አላፍርም አሁን» ያለችኝን አልረሳውም። ለደሃ የሚደረግ ነገር ሁሉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። የሚጠይቀው ትንሽ፣ የሚሰጠው የዕለት ተዕለት።

ደሃን የሚደግፈውን የመንግሥት ፕሮግራም፣ የከተማ ሴፍቲኔቱንም አውቀዋለሁ። በ2009 ሲጀመር 11 ከተሞችን ይዞ ለ604 ሺህ ሰው ነበር የታሰበው፤ አዲስ አበባ ዋናዋ ነበረች። ገና ጎህ ሳይቀድ መንገድ የሚጠርጉትን፣ አካፋ ይዘው ጎርፍ መውረጃ የሚከፍቱትን እናቶች ያየ ሰው ያውቀዋል። መሥራት የሚችለው ሠርቶ ይከፈለዋል፣ ከክፍያው ላይ ይቆጥባል፤ መሥራት የማይችለው ቀጥታ ይደገፋል። ከእድራችን አባላት አራቱ ገብተውበታል። አንዷ በቆጠበችው እንጀራ መጋገሪያ ገዝታ እስከ ዛሬ ትሠራበታለች። ግን ተጠቃሚ የሚመረጠው በሰፈር ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የሚያውቀው ቤት ያለውን ደሃ ነው። ቆጥ ላይ ያለውን አያየውም። በረንዳ ላይ ያለውን ቢያየውም የማን ሰፈር እንደሚለው ይጨንቀዋል።

ለጎዳና ተዳዳሪዎችም ለብቻው የታሰበ ክፍል ነበረው፤ ማዕከል ማስገባት፣ ሙያ ማሠልጠን፣ ከቤተሰብ ማገናኘት። መኪናችንን የሚያጥብ ልጅ በአንዱ ሥልጠና አልፏል። ብረታ ብረት ተምሯል። ሰርተፍኬቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ነው የሚይዘው፤ ዝናብ እንዳያበላሽበት። ታዲያ ለምን በረንዳ ተመለስክ አልኩት። «ሙያውማ አለኝ ጋሼ። አሠሪው ግን ‹የት ነው የምትኖረው፣ ዋስ የሚሆንህ ማነው› ይለኛል» አለ። ወር ሙሉ አምስት ጋራዥ ዞሯል። የብየዳ ችሎታውን የፈተነው አንዱ ብቻ ነው።

የዚህ ልጅ ሂሳብ ለብዙ ሰው ግራ ይሆናል። ጥሩ በሠራበት ቀን ማታ አልጋ ይይዛል። አልጋ ስል ስምንት ሰው በተደረደረበት ክፍል ውስጥ አንድ ፍራሽ ነው፤ በሌሊት 60 ብር። ወሩን ሙሉ ቢያድር 1800 ብር ነው። ከጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ቢከራይ በነፍስ ወከፍ 1500 ይደርሰው ነበር። ደሃ የሚከፍለው ከሌላው ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። ታዲያ ለምን ክፍሉን አይከራይም? ቅድሚያ ክፍያው። የሦስት ወር፣ የአራት ወር ይጠይቁታል። ደላላው ደግሞ የራሱን ይፈልጋል። 60 ብር ከዕለት ጉርስ ተርፎ ይገኛል፤ 10 ሺህ ብር ግን ኪሱ ገብቶ አያድርም። በረንዳ ላይ የሚተኛ ሰው ገንዘብ የሚያስቀምጥበት ቁምሳጥን የለውም፤ ሲተኛ ይፈተሻል።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ለዚህ መልስ አለው። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥ ይላል። ጭማሪም እንደፈለጉ አይሆንም። ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔንም እንደ ተከራይ ጠቅሞኛል። ግን ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈ ውልን ነው። ታች ባለው ገበያ፣ ጓዳና ቆጥ በሚከራይበት፣ ውል የሚባል የለም። «ተግባባን» ነው። ሲያስወጡም «በቃ፣ ልጄ ሊመጣ ነው» ነው።

እኛ በትንሿ ከተማችን አንድ ነገር ሞከርን። በ2015 የእድሩን ተቀማጭ ስናይ ባንክ ተኝቷል። ከውስጡ ትንሽ አንስተን ለኪራይ ቅድሚያ እናበድር አልን። ክርክሩ ከድንኳኑም የባሰ ነበር። «ይሄ የሙታን ገንዘብ ነው» ያሉ ነበሩ። ዳኛው ግን ለአንድ ዓመት እንሞክረው ብለው አሳለፉት። ሦስት ነገር ወሰንን። ብሩ ለተከራዩ ሳይሆን በቀጥታ ለአከራዩ ይሰጣል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል። ከእድሩ ሁለት ሰው አብሮ ሄዶ ከአከራዩ ጋር ይተዋወቃል።

ለሰባት ሰው አበደርን። ስድስቱ በየወሩ እየቆረጡ ከፈሉ። አንዱ ጠፋብን፤ እስከ ዛሬ አላገኘነውም። ከገንዘቡ ይልቅ የሠራው ሦስተኛው ነገር ነበር። አከራይ የሚፈራው ድህነትን አይደለም። «ነገር ቢመጣ ማንን እጠይቃለሁ» የሚለውን ነው። ሁለት ሽማግሌ ነጠላ ለብሰው በሩ ላይ ሲቆሙ ፍርሃቱ ይለቀዋል። ከሰባቱ ሦስቱን አከራዮቻቸው አስመዝግበዋቸው መታወቂያ አወጡ። መኪና የሚያጥበው ልጅ አንዱ ነው። አሁን ቃሊቲ በኩል አንድ በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ተቀጥሯል። ዋሱ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው።

ከዚያ 2017 መጣ። የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። በሳምንታት ውስጥ የደብተሬ ሁለተኛ ዓምድ ተበላሸ። የቤት ቁጥሮቹ አሉ፤ ቤቶቹ የሉም። ውል ያላቸው ጎረቤቶቼ ምትክ አገኙ። ብዙዎቹ ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ገቡ። እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን። እማማ ስልክ ደውለው መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ሽንት ቤታቸው ነው። ከ70 ዓመት በላይ ኖረው በቤታቸው ውስጥ፣ በራሳቸው ቁልፍ የሚዘጋ ሽንት ቤት ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነው። ድምፃቸው እንደ ሙሽራ ነበር። ይህን ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው በዝናብ ሌሊት ጃንጥላ ይዞ ለአራት ቤተሰብ ሽንት ቤት ተሰልፎ የማያውቅ ነው።

ግን «በእግሩ» ያልኳችሁ ቃል አለች። ሆቴል አልጋ የምታነጥፈዋ ጎረቤቴ ድሮ 10 ደቂቃ በእግሯ ነበር ሥራ የምትገባው። አሁን ሦስት ታክሲ ትይዛለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ፣ ማታ ልጆቿ ተኝተው ትገባለች። ለትራንስፖርት የምታወጣው ድሮ ለኪራይ ከምታወጣው ብዙ እጥፍ ነው። ቤት አገኘች፤ መሀል ከተማ ላይ የነበራትን ግን አጣች። የደሃ ሀብቱ ቅርበት ነው። ለሥራ መቅረብ፣ ዱቤ ለሚሰጠው ሱቅ መቅረብ፣ ልጅ ለምታይለት ጎረቤት መቅረብ። ምትክ ሲሰጥ ግድግዳው ይለካል፤ ይሄኛውን የሚለካ የለም።

በሰው ቁጥር የተመዘገቡት 11 ሰዎችስ? ውል ላይ ስላልነበሩ ምትክ አልነበራቸውም። ባለ ውሎቹን ጭነው ከወሰዱት መኪኖች ጀርባ ቆመው ነበር።

አዲሱ መንገድ ያምራል። ማታ ብርሃን ነው፣ መቀመጫ አለው፣ የሕዝብ መጸዳጃ አለው። መጸዳጃውን በተለይ አመሰግናለሁ። የታጠበ ሰው ሥራ ይጠይቃል፤ ያልታጠበ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል። በየመጸዳጃው ላይ ሻወር ቢጨመርበት፣ ለበረንዳ አዳሪው ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል በነፃ ቢከፈትለት፣ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን በእነዚያ በሚያማምሩ ሕንጻዎች ጀርባ ጥቂት የሚከራዩ ክፍሎች ቢኖሩ ነው። የሚሸጡ ሳይሆኑ የሚከራዩ። ዕጣ የሚወጣባቸው ሳይሆኑ በወር የሚከፈልባቸው። አንድ ክፍል፣ የጋራ ማብሰያ፣ የጋራ ሻወር፤ ኪራዩ ቡና የምታፈላ ሴት የምትችለው። ሆቴሉ መሀል ከተማ እስካለ ድረስ አልጋ የምታነጥፈውም መሀል ከተማ ማደር አለባት።

ሌላው ምኞቴ ወረቀት ነው። ሰፈር ሲነሳ ከቤቱ በፊት ሰው ይቆጠር። የእድር መዝገብ ማስረጃ ይሁን። ይህ ሰው በዚህ ግቢ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፣ በየወሩ መዋጮ ከፍሏል፣ የእከሌን ቀብር ወጥቷል ብለን ፈርመን ብንሰጥ፣ መስኮቱ ጀርባ ያለው ልጅ ሲስተሙ ላይ የሚያስገባው ነገር ያገኛል። እኛ ለመመስከር ዝግጁ ነን። 200 ቤተሰብ የሚያውቀውን ሰው ለማጣራት ሌላ ኮሚቴ አያስፈልግም።

እድሩ አልፈረሰም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ኡራኤል አካባቢ በተውሶ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ከገላን ጉራም፣ ከሌላም ይመጣሉ። ግማሹ ወንበር ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የታክሲው ነገር ነው። ቡና የምታፈላው ሴት አሁን ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ ውል የለውም። ጀበናዋን ሌላ ማዕዘን ላይ ዘርግታለች። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች።

ባለፈው ወር መዝገቡን ሳስተካክል እማማ ደወሉ።

«የኔን ቁጥር ቀየርከው?»

«ቀየርኩት እማማ።»

«የእሷንስ?»

ዝም አልኩ። የእሷ አሁንም የፈረሰው ቤት ቁጥር ነበር።

«የኔን ጻፍላታ» አሉኝ። «እዚህ ሜዳው ሰፊ ነው። ድንኳኑ እንደ ልብ ይተከላል።»

ከካዛንቺስ ገላን ጉራ ድረስ ለቀስተኛው በምን እንደሚሄድ ላነሳባቸው አልፈለግኩም። እሺ አልኳቸው። አሮጌውን ቁጥር ሰረዝኩና አዲሱን ጻፍኩ። የሁሉም አድራሻ በእስክሪብቶ ነው። የእሷን በእርሳስ ነው የጻፍኩት።